የሥራ ልምድ ደብዳቤያችንና የአውስትራሊያ የሙያ ምዘና

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ በኮምፒውተር ሙያ የምንሠራ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እርስ በርስ ደጋግመን ከምንጠያየቃቸው ጉዳዮች አንዱ፣ በሙያው ወደ አውስትራሊያ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሚያልፍበት የብቃት ምዘና ነው። እኔ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፤ ከዚያም ወዲህ የብዙ ባልደረቦቼን ሰነድ አብሬያቸው ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። ካየሁት ተነሥቼ የምናገረው አንድ ነገር አለ፤ የእኛን አገር ባለሙያ በአብዛኛው የሚያሰናክለው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ነው። ዲግሪው በሁለተኛ ደረጃ ይመጣል፤ እውቀቱን ደግሞ በዚህ ደረጃ ፊት ለፊት የሚፈትነው ማንም የለም።

ጉዳዩ አዲስ ለሆነበት አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በነጥብ በሚሰጡት ቪዛዎች፣ ማለትም በ189፣ በ190 ወይም በ491 ለመጋበዝ የሚፈልግ ሰው፣ ሙያው በአገሪቱ የተፈላጊ ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ለዚያ ሙያ በተሰየመው መዛኝ አካል ብቃቱን ማስመዘን አለበት። የሶፍትዌር፣ የኔትወርክ፣ የዳታቤዝና የሲስተም ሙያዎችን የሚመዝነው የአውስትራሊያ የኮምፒውተር ማኅበር ሲሆን፣ በእኛም ሰው ዘንድ ኤሲኤስ በሚለው አጭር ስሙ ይታወቃል። የቴሌኮሙኒኬሽን መሐንዲስ የሚመዘነው ግን በሌላ ማኅበር፣ በኢንጂነርስ አውስትራሊያ ነው፤ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው በቴሌኮም ዘርፍ የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው። አመልካቹ ሙያውን የሚመርጠው ባለ ስድስት አኃዝ በሆነ ኮድ ነው፤ 261313 የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ 262111 የዳታቤዝ አስተዳዳሪ፣ 262113 የሲስተም አስተዳዳሪ፣ 263111 ደግሞ የኮምፒውተር ኔትወርክና ሲስተም መሐንዲስ ነው። መዛኞቹ አመልካቹን አያዩትም፤ የሚያዩት ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የአሠሪዎቹን ደብዳቤና ደመወዝ ይከፈለው እንደነበር የሚያሳየውን ማስረጃ ብቻ ነው።

ዲግሪውን በሚመለከት ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ዲግሪው በይዘቱ የአይሲቲ፣ ማለትም የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ፣ ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከትምህርቱ ቢያንስ 33 በመቶው የአይሲቲ ይዘት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ከዚህ የአይሲቲ ይዘት ውስጥ 65 በመቶው ከተመረጠው ሙያ ጋር በቅርብ ይዛመዳል ወይ የሚል ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በሶፍትዌር ምህንድስና ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ ሰው በመጀመሪያው ጥያቄ ብዙም አይቸገርም፤ በአንደኛ ዓመት የሚወሰዱት እንደ ሎጂክ፣ አንትሮፖሎጂና ኢኮኖሚክስ ያሉት የጋራ ኮርሶች ከስሌቱ ቢወጡ እንኳ የቀሩት ይበቃሉ። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። በኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተመረቀና የኔትወርክ መሐንዲስነትን የመረጠ ሰው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያሉት ኮርሶች በአብዛኛው የአስተዳደርና የሲስተም ትንተና ከሆኑ፣ ዲግሪው አይሲቲ ነው ነገር ግን ከሙያው ጋር በቅርብ አይዛመድም የሚል ውሳኔ ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ ኮዱን ከመምረጥ በፊት ትራንስክሪፕቱን ዘርግቶ፣ ኮርስ በኮርስ እያዩ፣ ይህ ከየትኛው ሙያ ጋር ይሄዳል ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። ስማቸው ብቻ ይዘታቸውን የማይናገር ኮርሶች ካሉም ከትምህርት ክፍሉ የኮርስ መግለጫ ማውጣት አይከፋም።

ይህ ውሳኔ ከባድ የሚሆነው ከሥራ ልምድ ላይ የሚቀነሰውን ዓመት ስለሚወስን ነው። ዲግሪው በቅርብ የሚዛመድ ከሆነ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሠራ የ2 ዓመት ተዛማጅ ሥራ፣ የአይሲቲ ሆኖ በቅርብ የማይዛመድ ከሆነ ደግሞ 4 ዓመት የብቃት መስፈርቱን ለማሟላት ይወሰዳል። ይህ የተወሰደው ጊዜ በኋላ ለነጥብ አይቆጠርም። ስድስት ዓመት የሠራ ሰው እናስብ። ከ5 እስከ 7 ዓመት የውጭ አገር ልምድ 10 ነጥብ እንደሚያስገኝ አንብቦ አሥሩን ነጥብ በልቡ ይዟል። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሲቀነስ የሚቀረው አራት ዓመት ሲሆን፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት የሚያስገኘው 5 ነጥብ ነው፤ አራት ዓመት ከተቀነሰበት ደግሞ የሚቀሩት ሁለት ዓመታት ምንም ነጥብ አያስገኙም። ዕድሜው ከ25 እስከ 32 በመሆኑ 30፣ በዲግሪው 15፣ አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 7 በማምጣቱ 10 ነጥብ ያለው፣ የትዳር ጓደኛው ግን ነጥብ የማታስገኝለት ባለትዳር፣ ያሰበው አሥር ነጥብ ቢገኝ 65 ይሞላል፤ አምስት ብቻ ቢገኝ በ60 ይቀራል። 65 ደግሞ ማመልከት የሚቻልበት ዝቅተኛው ነጥብ እንጂ የመጋበዝ ዋስትና አይደለም። አምስት ነጥብ በዚህ ስሌት ውስጥ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው ለሠራተኛው፣ ውሉ ሲቋረጥም ሆነ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ይከፈለው የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሕጉ ለሠራተኛው ጠቃሚ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሎቻችን ግን ይህን ዝቅተኛ ግዴታ እንደ ጣሪያ አድርገው ወስደውታል። በዚህም የተነሣ ደብዳቤዎቻችን ሁሉ ከአንድ ማሽን የወጡ ይመስላሉ፦ «አቶ እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በመሥሪያ ቤታችን በአይሲቲ ባለሙያነት በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲሠሩ የቆዩ መሆኑንና ከደመወዛቸውም የሥራ ግብር ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ የተደረገ መሆኑን እየገለጽን፣ ይህ የሥራ ልምድ ማስረጃ በጠየቁት መሠረት ተሰጥቷቸዋል።» ከሥሩ ክብ ማኅተም፣ ፊርማና ቲተር ይኖራል። ይህ ደብዳቤ በአገር ውስጥ ለቅጥርም ለዕድገትም በቂ ነው። ለኤሲኤስ ግን አመልካቹ ለዓመታት ምን ሲሠራ እንደነበር አንድም ቃል አይናገርም።

መዛኙ የሚፈልገው የድርጅቱ ስምና አርማ ባለበት ወረቀት የተጻፈ፣ ሥራው የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን በቀን፣ በወርና በዓመት የሚገልጽ፣ ሙሉ ጊዜ ወይም በሳምንት ስንት ሰዓት እንደነበረ የሚያሳይ፣ ሥራው በየትኛው አገር እንደተሠራ የሚናገር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሠራተኛው ያከናውናቸው የነበሩትን ተግባራት የሚዘረዝር ደብዳቤ ነው። በሳምንት ከ20 ሰዓት በታች የተሠራ ሥራ አይቆጠርም። አሁንም በሥራ ላይ ያለ ሰው ደብዳቤው እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ እየሠራ መሆኑ መገለጽ አለበት። ፈራሚው ማን እንደሆነና በምን እንደሚገኝ መጻፍ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን የራሳቸው የኢሜይል አድራሻ ስለሌላቸው ኃላፊው የግል ጂሜይሉን ሲያስገባ አያለሁ። ከተቻለ በድርጅቱ ስም የተከፈተ ኢሜይል ቢሆን፣ ካልተቻለ ግን ቢያንስ ሲደወል የሚነሣ ስልክ ቢሆን ይሻላል።

ተግባራትን መዘርዘር ቀላል ይመስላል፤ በእኛ አካባቢ ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም የሥራ መጠሪያው ራሱ ሁሉንም ጠቅልሎ ይይዛል። በየወረዳው ያለው የኢኮቴ (የአይሲቲ) ባለሙያ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ የለም። ጠዋት የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱን የሒሳብ ሥርዓት፣ የአይቤክስን ሰርቨር ባክአፕ ያደርጋል፤ ከዚያ ወረዳዎችን የሚያገናኘው የወረዳኔት ሩተር ተቋርጧል ተብሎ ይጠራል፤ ከሰዓት በኋላ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ ፕሪንተር ወረቀት ነክሶ ይጠብቀዋል፤ ስብሰባ ካለ ደግሞ ፕሮጀክተር የሚገጥመው እሱ ነው። በኩታበርም ይሁን በመርሳ፣ በአቀስታም ይሁን በመካነ ሰላም ይኸው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደብዳቤውን «ከኮምፒውተር ጋር የተያያዙ ሥራዎችን በሙሉ ሲሠሩ ቆይተዋል» አስብሎ ቢያጽፍ፣ መዛኙ ሥራው የጥገናና የተጠቃሚዎች ድጋፍ ነው ብሎ ቢደመድም ልንፈርድበት አንችልም። በአንጻሩ «የፋይናንስ ሰርቨሩን መጫን፣ ማዋቀርና ደኅንነቱን መጠበቅ፤ የተጠቃሚዎችን የመግቢያ መብት መስጠትና መሰረዝ፤ ዕለታዊ ባክአፕ መውሰድና በብልሽት ጊዜ መረጃውን መመለስ፤ የውስጥ ኔትወርኩን ስዊቾችና የአድራሻ ድልድል ማስተዳደር» ተብሎ ቢጻፍ፣ ሥራው የሲስተም አስተዳዳሪ ሥራ መሆኑ በግልጽ ይታያል። በዚህ ውስጥ ሐሰት የለም፤ ሰውዬው ይህን ሁሉ ሠርቷል። ፕሪንተሩም ቢጠቀስ ነውር የለበትም፤ አብዛኛው የሥራ ሰዓቱ በምን ላይ ያልፍ እንደነበር ደብዳቤው በትክክል እስካሳየ ድረስ። የሥራ ሰዓቱ በእርግጥ በጥገና ያልፍ የነበረ ከሆነ ግን ኮዱን እውነቱ ወዳለበት መውሰድ ይኖርበታል።

ሁለት አቋራጮች አሉ፤ ሁለቱንም አልመክርም። አንደኛው በሰው ኃይል ክፍል ያለውን የሥራ መዘርዝር እንዳለ አስገልብጦ ማስፈረም ነው። የሥራ መዘርዝር መደቡ ምን እንዲሠራ እንደታሰበ የሚናገር ሰነድ ስለሆነ፣ በዚያ መደብ ላይ የተቀመጠው ሰው በተግባር የሠራውን አይመሰክርም፤ ብዙዎቹም ከዓመታት በፊት ተጽፈው የቀሩ ናቸው። ሁለተኛው የአውስትራሊያን የሙያ መደብ መግለጫ ቃል በቃል መቅዳት ነው። ያንን ጽሑፍ በየቀኑ የሚያነብ መዛኝ የራሱን ቃል ተመልሶ ሲመጣለት ሳያውቀው አይቀርም።

ደብዳቤውን ማስፈረሙ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዎች ያልተለመደ ወረቀት ሲቀርብላቸው «ይህ የእኛ ፎርማት አይደለም» ይላሉ፤ ወይም በወሎኛ ደግነት «አብሽር ወንድሜ፣ ማኅተሙ ካለ ይበቃል» ብለው በተለመደው ይሸኛሉ። ሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛው ምን ኮድ እንደጻፈና የትኛውን ሰርቨር እንዳዋቀረ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው መጠራጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት መንገድ የቅርብ ኃላፊው ወይም የቡድን መሪው ተግባራቱን በማስታወሻ ጽፎ ለሰው ኃይል እንዲመራ ማድረግ ነው፤ ሰው ኃይል ክፍሉም የተመራለትን መሠረት አድርጎ ሲጽፍ ኃላፊነቱ በሰነድ የተደገፈ ስለሚሆን እጁ አይከብድም። ይህን ለመጠየቅ የሚመቸው ጊዜ ደግሞ ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለና ኃላፊው ሳይቀየር ነው። መሸኛ ከተወሰደና ክሊራንስ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ከመዝገብ ቤት አልፎ አይሄድም።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስተውለው የቀን አቆጣጠር ጉዳይ አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋሉ፤ በከሚሴና በዙሪያዋ ደግሞ ደብዳቤው በአፋን ኦሮሞ ይወጣል። ትርጉሙ ሲሠራ ቋንቋው ተለውጦ ቀኑ እንዳለ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። «ከ01/03/2009 ጀምሮ» የሚለው ለእኛ ኅዳር 1 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ በጎርጎርዮሳዊው ኖቬምበር 10 ቀን 2016 ማለት ነው። አውስትራሊያ ያለው አንባቢ ግን ይህንኑ ማርች 1 ቀን 2009 ብሎ ያነበዋል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ አመልካቹ ምናልባት ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ቀኑ ከዲግሪው፣ ዲግሪው ከባንክ መግለጫው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር ጥርጣሬው በአመልካቹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ትርጉሙ ላይ ሁለቱም አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እንዲጻፉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም በግልጽ እንዲጠቀስ ማድረግ ያስፈልጋል። መስከረም 1 በአንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 11፣ ከሠግር ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል፣ በግምት ከመለወጥ በመቀየሪያ ማስላት ይገባል። የደመወዝ ወረቀትም ላይ ይኸው ይደርሳል፤ ፔሮሉ «የታኅሣሥ ወር ደመወዝ» ሲል ባንኩ ገንዘቡን በጃንዋሪ ቀን ይመዘግበዋል። ይህን የሚያብራራ አጭር ማስታወሻ ከሰነዶቹ ጋር ማያያዝ መዛኙን ከብዙ ጥያቄ ያድነዋል።

ስምም እንዲሁ ነው። በእኛ በወሎ በብዛት ያሉት እንደ ሰይድ፣ እንድሪስና ሙሐመድ ያሉ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ወጥ መልክ የላቸውም፤ እንድሪስ በፓስፖርቱ ላይ በ«ኢ» ጀምሮ በዲግሪው ላይ በ«አይ» ሊጀምር፣ ሙሐመድም በአንዱ ላይ በሁለት «ኤም» በሌላው በአንድ ሊጻፍ ይችላል። ዲግሪው የአባት ስም ላይ ቆሞ ፓስፖርቱ እስከ አያት የሚሄድበትም አለ። እኛ ይህን እንደ ልዩነት አንቆጥረውም፤ ስም በአባት ስም በሚጠራበት አገር አድገናል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር በሚያውቅ መሥሪያ ቤት ግን ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ወይም በውልና ማስረጃ በኩል አስቀድሞ ማዘጋጀት ይበጃል።

የደመወዝ ማስረጃ ነገር ለወሎ ሰው ከሌላው የባሰ ከባድ የሆነበት ምክንያት አለ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወልድያ በጦርነቱ በተያዙበት ጊዜ መሥሪያ ቤቶች፣ ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎችና የግል ድርጅቶች ተዘርፈዋል፤ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎችም ከፍተኛ ውድመት ደርሶባቸዋል። ኮምፒውተሮቹ ሲወሰዱ ፔሮሉም፣ የሠራተኛው የግል ማኅደርም አብረው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ያልተከፈቱ ድርጅቶች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ወደ አዲስ አበባ የሄዱ፣ ስልካቸውም የተቀየረ። በእንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ልምዱ ከነማስረጃው ጠፋ ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ አሠሪው ዘንድ የጠፋው በሌሎች ዘንድ ተመዝግቦ የተቀመጠበት ጊዜ ብዙ ነው።

የባንክ መዝገብ ከቅርንጫፍ ጋር አይቃጠልም፤ ደመወዙ በባንክ ይገባለት የነበረ ሰው የዚያን ጊዜውን የሒሳብ መግለጫ ዛሬም በማኅተም ማውጣት ይችላል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ከተጀመረ ወዲህ ሕጋዊ የሆነ አሠሪ ሁሉ የሠራተኛውን 7 በመቶና የራሱን 11 በመቶ መዋጮ ገቢ የማድረግ ግዴታ ስላለበት፣ የጡረታ መዝገቡ ሠራተኛው በዚያ ድርጅት በዚያ ጊዜ መኖሩን ይመሰክራል። የሥራ ግብሩም በገቢዎች መሥሪያ ቤት በኩል ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ደብዳቤውን የሚሰጥ አሠሪ ጨርሶ በማይገኝበት ጊዜ ደግሞ አብሮት የሠራ ሰው፣ በተለይም የቅርብ ኃላፊው የነበረ፣ የሥራ ግንኙነታቸውን ገልጾና ተግባራቱን ዘርዝሮ ቃለ መሐላ ሊሰጥለት ይችላል፤ አመልካቹ ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል ግን ተቀባይነት የለውም። በዚህ ላይ ደብዳቤ ለምን እንዳልተገኘ የሚያብራራ ጽሑፍ ቢታከልበት መዛኙ ምክንያቱን ይረዳል፤ የደሴና የኮምቦልቻ ነገር በዓለም ዜና የተነገረ ነውና ማስረጃ አይታጣለትም። ደመወዙን በእጅ ይቀበል የነበረና ጡረታም ያልተከፈለለት ሰው ግን መንገዱ እጅግ ጠባብ ነው፤ ሌላ ብል ማታለል ይሆንብኛል። ያለ ንግድ ፈቃድ ለሱቆችና ለሆቴሎች ድረ ገጽ እየሠሩ የሚኖሩ ወጣቶችም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ፤ ለእነሱ የምለው ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥተው በውል መሥራትን ከዛሬ እንዲጀምሩ ነው።

የትምህርት ማስረጃውን በተመለከተ የሚያዘገየው በአብዛኛው ወጪ መጋራት ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ከፍሎ ማስረጃ ካላመጣ ዋናው ዲግሪ ስለማይሰጠው፣ በጊዜያዊ ዲግሪ ዓመታትን ያሳልፋል። ዋናውን ለማውጣት ማሰብ ያለበት ምዘናው ሲደርስ አይደለም፤ ሬጅስትራር ቤት ቀጠሮ እንደሚበዛ እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመረቁት ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ስላለባቸው፣ ኮርሶቻቸውን ጨርሰው ፈተናውን ያላለፉ ልጆች ትራንስክሪፕት ብቻ ይዘው ማመልከት እንደማይጠቅማቸው ሊያውቁት ይገባል።

ዲግሪው ከአይሲቲ ውጪ የሆነ፣ ለምሳሌ በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ተመርቆ በሥራ ፕሮግራመር የሆነ ሰው፣ አርፒኤል በሚባለው፣ በሥራ የተገኘን እውቀት በሚመዝነው መንገድ መመዘን ይችላል። እዚህ ላይ 6 ዓመት ተዛማጅ ልምድ፣ ጨርሶ የከፍተኛ ትምህርት ለሌለው ደግሞ 8 ዓመት የሚወሰድ ሲሆን፣ አመልካቹ የሠራቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች፣ አንዱን ባለፉት 3 ዓመታት፣ ሌላውን ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ከሠራቸው መርጦ፣ በራሱ ቃል በዝርዝር ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ነው የደላላ ገበያ የሆነው። ወሎ ስደትን ለዘመናት ያወቀችው በዓረብ አገር በኩል፣ በደላላ እጅ ስለሆነ፣ አገር መውጣት ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መክፈል ነው። አሁን ደግሞ በቴሌግራም የተዘጋጀ የአርፒኤል ሪፖርት እንሸጣለን፣ የሥራ ልምድ እናወጣለን የሚሉ ተነሥተዋል። የሚሸጡት ሪፖርት ከዚህ በፊት ለብዙ ሰው የተሸጠ ስለሆነ፣ ኤሲኤስ ጽሑፎችን ከሌሎች ጋር በሚያነጻጽር ሶፍትዌር ሲመረምረው ይያዛል። ሐሰተኛ የሥራ ልምድ ይዞ እስከ ቪዛ የደረሰ ሰው ደግሞ የከፋ ነገር ይጠብቀዋል፤ 4020 በሚባለው መስፈርት መሠረት ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ አመልካች ለ3 ዓመት፣ ማንነቱን ያጭበረበረ ደግሞ ለ10 ዓመት ቪዛ እንዳይሰጠው ሊደረግ ይችላል። ይህም የቤተሰቡን አባላት ጭምር ሊነካ የሚችል ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚሠራ የስደት አማካሪ መቅጠር ሌላ ነገር ነው፤ ሆኖም አማካሪውም ቢሆን የአንድን ሰው ሥራ ከራሱ ከሠሪው የበለጠ አያውቀውም።

ወደ ሌላ አገር ለሚያስቡ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የካናዳ የባለሙያዎች መቀበያ መንገድ አስቀድሞ የሚመዘነው ትምህርቱ ብቻ ሲሆን፣ ውጤቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ የሥራ ልምዱን የሚመረምረው በኋላ የስደት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው፤ ተግባራትን ያልዘረዘረ ደብዳቤ እዚያም ያሰናክላል። በጀርመን ደግሞ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ዲግሪ የሌለው የአይቲ ባለሙያ ባለፉት 7 ዓመታት ውስጥ የ3 ዓመት ተመጣጣኝ ልምድ ካለውና ደመወዙ የሚፈለገውን የሚያሟላ ቅጥር ካገኘ ብሉ ካርድ የሚባለው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጠው ይችላል፤ ልምዱን የሚያሳየውም ያው የአሠሪ ደብዳቤ ነው።

የጊዜ አሰላለፉ ላይ አስተያየቴን ልስጥ። የኤሲኤስ ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ሲሆን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ለዚህ ቪዛ እስከ 3 ዓመት ድረስ ተቀባይነት አለው፤ ስለዚህ ፈተናውን ማስቀደም የሚሻል ይመስለኛል። ፈተናው አዲስ አበባ ስለሚሰጥ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለ፤ መንገዱ ደግሞ በዚህ ዘመን ሁልጊዜ አይገኝም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ ሰነድ ማስገባትም ሆነ ከመዛኙ ለሚመጣ ጥያቄ በወቅቱ መመለስ ብዙዎችን አስቸግሯል፤ ሰነዱ ሁሉ ተቃኝቶ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ዘንድ ቅጂው ቢቀመጥ ያን ዓይነት ጊዜ ሲመጣ ይረዳል። ክፍያው በአውስትራሊያ ዶላርና በካርድ ስለሆነም፣ ዓለም አቀፍ ካርድ የሌለው ሰው ውጭ አገር ያለች እኅቱን ወይም ወንድሙን ቀደም ብሎ ማነጋገር ይኖርበታል።

ዕድሜው 33 ሊሞላ የተቃረበ ሰው 30 የነበረው የዕድሜ ነጥቡ ወደ 25 እንደሚወርድ አስቦ ከልደቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ መጀመር አለበት። ምዘናው ከወጣ በኋላ በዚያው ሥራ መቀጠሉ አይጎዳውም። የውጤቱ ደብዳቤ ከየትኛው ወርና ዓመት በኋላ ያለው ሥራ በሙያው ደረጃ የተሠራ ሆኖ እንደሚቆጠር ስለሚገልጽ፣ ሦስተኛውን ወይም አምስተኛውን ዓመት የሚሞላበትን ወር ከዚያው ቀን ተነሥቶ ማስላት ይችላል፤ ያን ጊዜም አሠሪውን አዲስ ደብዳቤ ይጠይቃል፤ የቀድሞው ተግባራቱ ተዘርዝረው የተጻፈ ከሆነም ሰው ኃይል ክፍሉ ያንኑ መነሻ አድርጎ ቀኑን አድሶ ይጽፍለታል።